ተኳርፎ ቢሾፍቱ መውረድ



ልጆቼ፣ ጥር እየመጣ ነው። ለእናንተ የጥምቀትና የሠርግ ወር ነው፤ ለእኔ ደግሞ የስልክ ወር ነው። «አባታችን፣ አሥረኛ ዓመታችንን ልናከብር ነው፤ ይባርኩን» ትሉኛላችሁ። እባርካለሁ፤ ለምን አልባርክም? በተክሊልና በቁርባን የተጋቡ ልጆች በዚህ ዘመን፣ በዚህ በአዲስ አበባ፣ በኦሎምፒያ የቤት ኪራይ፣ አሥር ዓመት አብረው ከኖሩ እልል ማለት ነው የሚገባኝ።

ዛሬ የምጽፈው ግን እልል ለማለት አይደለም። ሦስት ነገር ልነግራችሁ አስቤአለሁ፤ አንደኛው ስለ ሽርሽር፣ ሁለተኛው ስለ ኩርፊያ፣ ሦስተኛው ስለ ገንዘብ ነው።

አንደኛ፤ ሽርሽር ኃጢአት አይደለም። ይህን የምለው አንዳንድ እናቶች ልጆቻቸው ከነባላቸው ቢሾፍቱ ባለው ኩሪፍቱ ዋተር ፓርክ ሲንሸራተቱ የተነሱትን ፎቶ ይዘው መጥተው «ይኸው አባ፣ ይህ ነው እንግዲህ የቁርባን ጋብቻ!» ስላሉኝ ነው። እናቶቼ፣ ረጋ በሉ። ባል ሚስቱን ይዞ ውሃ ዳር ስለሄደ ቁርባን አይፈርስም። ኦሪት ዘዳግምን ያነበባችሁ ታውቃላችሁ፤ አዲስ ያገባ ሰው ዓመት ሙሉ ለጦርነት አይወጣም፣ ሌላ ሥራም አይጫንበትም፤ ቤቱ ተቀምጦ ሚስቱን ደስ ያሰኛታል። እግዚአብሔር ለአንዲት ሚስት ደስታ ሲል ከሠራዊት አንድ ወታደር ቀንሷል። የእናንተ አለቃ የሁለት ቀን ፈቃድ ቢሰጥ ምን ይገርማል?

ደግሞስ ይህች ከተማ ከምን ተወለደች? ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. አንኮበር ላይ በቁርባን ተጋቡ። ሁለቱም ከዚያ በፊት ሌላ ትዳር ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ቁርባኑን ግን አብረው ተቀበሉ። በኋላ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ብርዱ አስቸገራቸው፤ ወደ ፍልውሃ እየወረዱ ገላቸውን ይታጠቡ፣ ድንኳን ተክለውም ይሰነብቱ ጀመር። እቴጌይቱ ቦታውን ወደዱት፤ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ በ1879 ዓ.ም. ቤቱ ተጀመረ፤ አዲስ አበባ ብለውም ስም አወጡለት። እንግዲህ ኦሎምፒያ ላይ ተቀምጠን ሽርሽርን ብንነቅፍ የተቀመጥንበትን መንቀፍ ነው። የባልና ሚስት ሽርሽር ባይኖር እኛ ዛሬ የት እንኖር ነበር?

ስለዚህ ሂዱ። ቢሾፍቱም ሂዱ፣ ሶደሬም ሂዱ፣ እንጦጦ ፓርክም ውጡ። ይህን ጨርሻለሁ።

ሁለተኛ፤ ኩርፊያ።

እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚደማው። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ባልና ሚስቱ እንድናገረው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልነግራችሁም፤ እናንተም አትፈልጉ። «እነ እገሌ ይሆኑ?» እያላችሁ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ስትንሾካሾኩ ብሰማ ዝም አልልም።

አምና ኅዳር ላይ ነው የተጀመረው። ባል ለሚስቱ ሳይነግር ለወንድሙ ገንዘብ ላከ፤ አገር ቤት ያለ የአባታቸው ቤት ጣሪያ ፈርሶ ነበር። ሚስት ነገሩን ያወቀችው ከባንክ በመጣ የስልክ መልእክት ነው። ገንዘቡ አይደለም ያናደዳት፤ ብትጠየቅ እሺ ትል ነበር። «እኔ ማን ነኝ?» አለች። እሱም «ለአባቴ ጣሪያ ፈቃድ ልጠይቅ?» አለ። ከዚያ በኋላ ዝም ተባባሉ።

ዝምታው ጥርን አገኘው። በቤቱ ውስጥ ቃል አልጠፋም፤ በሌላ ሰው አፍ ነው የሚመላለሰው። «ለአባትሽ ምሳ ቀርቧል በይው።» «ለእናትሽ አመሻለሁ በያት።» የስምንት ዓመቷ ልጅ አስተርጓሚ ሆነች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትውል ደግሞ ሚስት ከመኝታ ቤት ሳሎን ለተቀመጠ ባሏ በስልክ «ዳቦ የለም» ብላ ትጽፍለታለች፤ እሱም ዳቦ ገዝቶ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይወጣል። ትዳሩ እንዲህ ሆኖ ሲኖር ከውጭ ለሚያየው ሰው አንድም የጎደለ ነገር የለውም፤ እሑድ እሑድ ነጠላቸውን አጣፍተው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ እኔም አይቻቸው «ተመስገን» እላለሁ።

ጥር ላይ አሥረኛ ዓመታቸው ደረሰ። አሜሪካ ያለች የሚስት እህት ቢሾፍቱ ክፍል አስይዛ፣ ክፍያውንም ፈጽማ «ስጦታዬ ነው» አለች። እንግዲህ እንዴት እንቅር ይባላል? ምን ምክንያት ይሰጣል? «ተኳርፈናል» ማለት ያሳፍራል። ስለዚህ ሄዱ። ከኦሎምፒያ ተነሥተው በጎተራ፣ በቃሊቲ አድርገው ቱሉ ዲምቱ ደረሱ፤ ከፈጣን መንገዱ መግቢያ ካርድ ተቀበሉ፤ እስከ ቢሾፍቱ ድረስ ሬዲዮኑ ብቻ ተናገረ።

ሐይቁ ዳር ያለ ክፍላቸው ሲከፈት አልጋው ላይ የጽጌረዳ ቅጠል በልብ ቅርፅ ተበትኗል፤ ፎጣው በሁለት ዳክዬ አምሳል ታጥፎ አፍ ለአፍ ገጥሟል። አስተናጋጁ «እንኳን ለአሥረኛ ዓመታችሁ አደረሳችሁ» አላቸው። ሁለቱም «አሜን» አሉ፤ ለእሱ። ማታ ገበታ ላይ እሷ ለአስተናጋጁ ዓሣ አዘዘች፣ እሱ ለአስተናጋጁ ጥብስ አዘዘ። በማግሥቱ ዋተር ፓርክ ገቡ፤ ሰው ሠራሽ ማዕበል ያለበት ገንዳ ውስጥ ቆመው ሲሥቁ የሚያሳይ ፎቶ ተነሡ። ፎቶውን ያነሣላቸው አንድ የማያውቁት ጎረምሳ ነው፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲላቸው ተጠጉ። ያ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጣ፤ «ፍቅራችሁን ያብዛው» እየተባለ ተመረቀ። ከመረቁት መካከል እኔም ነበርኩ።

ቤት ሲመለሱ ልጅቷ ስልኩን ተቀብላ ፎቶውን አየች፤ አገላብጣ አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ «እዚያ ትነጋገራላችሁ እንዴ?» አለች።

ልጆቼ፣ እኔ ስንት ዘመን ሰብኬ እንዲህ ያለ ስብከት ሰብኬ አላውቅም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ቁጣዬን ቻሉት። በዚህ ሰበካ የሚያስለቅሰኝ ዝሙት አይደለም፤ ስካርም አይደለም፤ እነሱማ ሲመጡ ድምፅ አላቸው፤ ጎረቤት ይሰማል፣ ሽማግሌ ይጠራል። ኩርፊያ ግን ድምፅ የለውም። ጨዋ ኃጢአት ነው፤ አይሳደብም፣ ሰሃን አይሰብርም፣ ከፎቅ ፎቅ አይሰማም። እንዲያውም «እኔ እኮ ምንም አላልኩም» ብሎ ይመጻደቃል። ንስሐ ስትገቡ «ምን በደልክ?» ስላችሁ «ተቆጣሁ፣ ዋሸሁ» ትላላችሁ እንጂ «ሦስት ሳምንት አኮረፍኩ» ያለኝ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ሰነፍ ሴት ረስታ ያሰነበተችው ሊጥ አይታችኋል? ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ይኮመጥጣል። ያደረ ኩርፊያም እንዲሁ ነው፤ መነሻው አንድ ጣሪያ ነበር፤ ሲሰነብት ግን የወንድሙ ሁሉ፣ የእናቷ ሁሉ፣ የሠርጉ ቀን ሁሉ ቂም ይገባበታል። ሐዋርያው በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ ያለው ለእናንተ አይደለምን? ለኤፌሶን ሰዎች ብቻ መሰላችሁ?

«ማን ይቅደም?» ትላላችሁ። ይህች ጥያቄ ናት ቤት የምታፈርሰው። ባል «ወንድ ልጅ ቀድሞ ይቅርታ ከጠየቀ ይናቃል» ይላል፤ ሚስት «ሁልጊዜ እኔ ልለምን?» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ጀርባ ለጀርባ ተኝተው በእውነታቸው ይሞቃሉ። አንተ ወንዱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ክርስቶስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ራሱን ሲሰጥ «እሷ ትቅደም» ብሎ ነበር? ተክሊል በደፋህ ቀን ይህ ሲነበብ ሰምተሃል። አክሊሉ ላንተ ጌጥ መሰለህ?

ጌታ መባ ይዞ የመጣውን ሰው እስከ መሠዊያው ከደረሰ በኋላ እንኳ መባህን ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ ብሎ ይመልሰዋል። እስከ መሠዊያው የደረሰውን ከመለሰ፣ ቱሉ ዲምቱ የደረሰውንማ እንዴት አይመልሰው! በርግጥ ፈጣን መንገድ ላይ መኪና እንደ ልብ እንደማይዞር አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ታረቁ ነው የምላችሁ።

ቅድም ያነሣኋቸውን ምኒልክንና ጣይቱን ልመልሳቸው። ጥቅምት 1902 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ጽኑ ሕመም መታቸው፤ ሰውነታቸው ታሠረ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ መኳንንቱ እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አግልለው «ባልሽን አስታሚ» አሏቸው። አገር ሲያዝ የነበረ ሰው፣ መልስ መስጠት ከማይችል ባል አጠገብ ተቀመጠ፤ ምኒልክ እስካረፉበት እስከ 1906 ዓ.ም. ድረስ። ከዚያ በኋላ ጣይቱን ወደ እንጦጦ ላኳቸው፤ በ1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። ዛሬ እንጦጦ ፓርክ ለዓመታችሁ ስትወጡ ጣይቱ ያረፉበት አምባ እሱ መሆኑን አትርሱ። እኔ ስለ ፖለቲካቸው አልፈርድም፤ የምለው ይህን ነው፤ ጣይቱ በእነዚያ ዓመታት ከባላቸው አንደበት አንድ ሙሉ ቃል ለመስማት ምን በሰጡ ነበር? የናንተ ባል አልታመመም። የናንተ ሚስት ምላስዋ አልተያዘም። ጤነኛ ሰው ጎን ተኝታችሁ፣ ልሳን እያላችሁ፣ በገዛ ፈቃዳችሁ ዲዳ ትሆናላችሁ!

ይቅር በሉኝ፤ ድምፄ ከፍ አለ። ስለምወዳችሁ ነው። ስትጋቡ የነበረውን ፊታችሁን አስታውሳለሁና ነው። በቃና ሰርግ የወይን ጠጁ ሲያልቅ እመቤታችን ናት ያየችው። ለእናንተም እንድታይላችሁ እለምናታለሁ።

የተነሣሁበትን ታሪክ ልጨርስ። ሚስት የልጅቷን ጥያቄ ይዛ መጣች፤ ባልም በበነጋው መጣ። ሁለቱን ቤታቸው ቡና ተፈልቶ አገናኘኋቸው። ባል «ሳልነግርሽ መላኬ ጥፋቴ ነው» አለ። ሚስት «ለአባታችን ጣሪያ መሆኑን እያወቅሁ እስከዚህ ማክረሬ የኔ ጥፋት ነው» አለች። ሁለተኛው ቡና ሳይቀርብ አለቀ። ለዚህ ነው ያ ሁሉ የእህት ዶላር ቢሾፍቱ ድረስ የሄደው! ቢታረቁና ቢሄዱ ኖሮ እንዴት ያለ ሁለት ቀን ይሆንላቸው ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልለይ ባልፍ እግዚአብሔር ይጠይቀኛል። የተመታች ሴት ዝምታ ኩርፊያ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ታረቂ» ያልኩት ለእሷ አይደለም። ሚስቱን መትቶ፣ ቁስሏ ሳይሽር ሪዞርት ወስዶ፣ ኬክ አስቆርጦ ፎቶ የሚያነሣ ባል ካለ ሰማይም ምድርም ይታዘበዋል። ያ ኬክ አይባረክም። ነገሩ ከሽማግሌ በፊት የሕግ ጉዳይ ነው፤ ሚስቱን የሚመታ ሰው በእኔ ዘንድ መሸሸጊያ የለውም። እናንተም የሚስት እናቶች፣ «ቻይው፣ ትዳር ነው» እያላችሁ ልጃችሁን አትመልሱ።

ሦስተኛው ስለ ገንዘብ ነበር። ብዙ ላትት አስቤ ነበር፤ አሁን ግን አንድ ቃል ይበቃል፤ ዕቁብ አስቀድማችሁ ወይም ከባንክ ተበድራችሁ አትሂዱ፤ የሠራተኛችሁን ደመወዝ ሳትከፍሉም አትሂዱ። የሌላችሁ ደግሞ አትፈሩ፤ ያልሄደ ትዳር ያነሰ ትዳር አይደለም። ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፤ ቀድሱ፣ ቤታችሁ ቡና አፍሉ፣ ያጋቧችሁን ሚዜዎች ጥሩ፤ ይህም በዓል ነው።

አሁን እንግዲህ ጥር ላይ ቦታ ያስያዛችሁ ሁሉ፣ ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት ማታ ልጆቹን አስተኝታችሁ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ስልኩን ሌላ ክፍል አድርጉት። አንደኛችሁ ጀምሩ። አልሆን ካላችሁ እኔ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አለሁ፤ ሁለታችሁም አንድ ላይ ኑ፣ አንዱ የሌላውን ክስ ይዞ ለብቻው ቢመጣ አልሰማም። የተመታች ግን ብቻዋን ትምጣ፤ በማንኛውም ቀን፣ በማንኛውም ሰዓት።