ዱላ እውነትን ያወጣልን?

ንብረት ሲሰረቅብን ፖሊስ ሌባውን ቶሎ እንዲይዝልን እንጮኻለን። ለማውጣጣት ዱላ ቢያነሣ ግን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። ይህ ዝምታ ተገቢ ነውን?

በቀድሞ ዘመን ሌባሻይ የሚባል ልማድ ነበር። መድኃኒት ያጠጡት ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ ከአንዱ ቤት ሲወድቅ ባለቤቱ ሌባ ይባል ነበር። ዛሬ በዚህ እንስቃለን። ታዲያ በዱላ የተገኘ ቃል ከዚያ በምን ይሻላል? የተደበደበ ሰው የሚናገረው እውነቱን ሳይሆን ዱላውን የሚያስቆምለትን ነው። ንጹሑ ይታሰራል፤ ሌባው ግን በመካከላችን ይመላለሳል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንዳይኖረው ደንግጓል። ይህን መፈጸም ምስክር ላጣ ፖሊስ ከባድ ነው። ክብደቱ ግን ለዱላው ምክንያት ሊሆን አይችልም። ምስክሮቹ ደግሞ ከሰማይ አይወርዱም፤ እኛው ነን። ያየነውን «ምን አገባኝ» ብለን ብንደብቅ በፖሊሱ ላይ ለመፍረድ አፍ አይኖረንም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ! ፍትሕን ከፖሊስ ብቻ አንጠብቅ። ያየነውን እንመስክር፤ ባላየነው ሰውን አንወንጅል፤ የተያዘውም ሰው ሲመታ «ይበለው» አንበል።