«ልጄ ጨዋ ናት» ለሚል አባት

በአላህ ስም እጅግ ሩኅሩኅ እጅግ አዛኝ በሆነው። ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ብዙ አባቶች በአደባባይ ለመጠየቅ የሚያፍሩበት ነው። በላሊበላ ከተማ ጨርቅ የሚነግድ፣ ዕቃ ሊያወጣ ወልድያ በወረደ ቁጥር የማገኘው አንድ ወንድማችን ከዐስር ሰላት በኋላ ነጠል አድርጎ ጠየቀኝ። የ12 ዓመት ሴት ልጅ አለችው። የማኅፀን በር ካንሰርን ይከላከላል የሚባለውን ክትባት ትውሰድ ወይስ ትቅር? እናቲቱ ትውሰድ ባይ ናት። እሱ ግን ሁለት ነገር ሰምቷል። አንደኛው «መርፌው ያመክናል» የሚል ነው። ሁለተኛውን ሲነግረኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ፤ «በሽታው በዝሙት የሚመጣ ከሆነ ልጄ ጨዋ ናት፤ ምን ልትሆን ትከተባለች?» አለ።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ክብርን የሚነካው እሱ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ካንሰር መነሻ ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው። ስሙ ለላስታ ሰው አዲስ ይሁን እንጂ በሽታው የቆየ ነው፤ በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ከጡት ቀጥሎ በሁለተኛ ደረጃ የሚጠቀስ ነው። መንግሥት ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በትምህርት ቤት መስጠት ጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት አንድ ጊዜ ብቻ በሚወጋ መርፌ በዘመቻ ሰጠ። ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በአብዛኛው በሩካቤ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። ሳይወገድ የቀረው ግን ድምፁን አጥፍቶ ዓመታት ቆይቶ፣ ሴቲቱ የልጆች እናት ከሆነች በኋላ ካንሰር ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሩካቤ ያለው በዝሙት ብቻ ነውን? ቫይረሱ ኒካሕ ታስሯል አልታሰረም ብሎ አይጠይቅም። አንዲት ልጅ ከእናቷ ቤት ወንድ ሳታውቅ ወጥታ፣ በምስክርና በመህር ተድራ፣ ባሏ ቀድሞ ያገባ፣ የፈታ፣ ሚስት የሞተችበት ወይም በላይዋ ሌላ ያለው ቢሆን ከእሱ ሊይዛት ይችላል። ይህ ሁሉ ሸሪዓችን የፈቀደው ነው። (በእኛ ወሎ በዕድሜው አንዴ ብቻ ያገባ ወንድ ፈልጉ ብንባል ስንት ቀን ይፈጅብን ይሆን?) ስለዚህ «ልጄ ጨዋ ናት» ብሎ ክትባቱን የሚከለክል አባት በልጁ ጨዋነት አይደለም የሚተማመነው፤ ገና ባላየው ሰው ያለፈ ሕይወት ነው። በተጨማሪም ክትባቱ ቫይረሱ ከገባ በኋላ አያድንም። በለጋነቷ የሚሰጠው ስለዚህ ነው፤ ተጠርጥራ አይደለም።

ያመክናል የሚለውን ወሬ በተመለከተ፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም እንደሚያወሩት ይኸው ወንድማችን ነግሮኛል። ወሬ ሃይማኖት አይለይም። አላህ በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ይዞ የመጣን ሰው ሳናጣራ ሌሎችን እንዳንጎዳ አዞናል። ብናጣራ የምናገኘው ምንድን ነው? ሙስሊም አገር የሆነችው ማሌዥያ ይህን ክትባት ለ13 ዓመት ተማሪዎቿ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የያኔዎቹ ልጃገረዶች ዛሬ እናት የሚሆኑበት ዕድሜ ላይ ናቸው፤ መካንነት አልተከተለም። የእናቶቻችንን ክንድ እንይ፤ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ አለበት። ክትባቱ ሌላ ቢሆንም ያን ጊዜም የሸሸ ብዙ ነበር፤ እኛን የወለዱን ግን ባለ ጠባሳዎቹ ናቸው። ፈንጣጣ በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን ነው። የዛሬ ልጆች ስሙን እንጂ ፊቱን አያውቁትም።

የአሳማ ነገር አለበት ለሚሉም፣ አገራችን በ2011 የጀመረችበት ጋርዳሲል የተባለው ክትባት የሚሠራው በእርሾ ነው፤ ጀላቲንም የለበትም። የሚያስከትለው የክንድ ሕመም፣ አንዳንዴ ትኩሳት ነው። መርፌ አይተው የሚዝለፈለፉ ልጆች ስላሉ ከተወጉ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቁጭ ማለት ይገባቸዋል።

ወሬ ከየትም አይነሣም፤ የሚበቅልበት መሬት አለው። በ2012 ኮቪድ ገባ፤ በ2013 መጋቢት ክትባቱ ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላሊበላ በጦርነት ተያዘች፤ ጤና ጣቢያ ተዘረፈ። ይህን ያየ ሰው ከመንግሥት የመጣን መርፌ ሁሉ ቢጠራጠር አልፈርድበትም። ግን ጥርጣሬ የሚያስከፍለውን ዋጋ ካኖ አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ ካኖ «የፖሊዮ ክትባት ያመክናል» ተብሎ ታገደ። በወራት ውስጥ የልጅነት ልምሻው ድንበር ተሻገረ፤ በሱዳን አልፎ በ2005 እኛን፣ የመንንና ኢንዶኔዥያን አዳረሰ። የሚገርመው፣ ካኖ ኋላ እምነት አሳድራ የተቀበለችው ክትባት በዚያችው በኢንዶኔዥያ የተሠራ መሆኑ ነው። ሽባ ሆነው የቀሩት ልጆች ከወሬው አንድ ቃል እንኳ አልተናገሩም ነበር።

«ተወኩልስ?» የሚል ይኖራል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ጣዑን መግባቱን ሰምተው ሠራዊቱን መለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱላቸው፤ ግመሉን ከደረቁ ዳገት ወደ ለምለሙ የሚነዳ እረኛንም ምሳሌ አደረጉ። የላስታ እረኛ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ሳይታመሙ መከላከል ይፈቀዳል ወይ የሚል ጥያቄ ለሳዑዲ ዓረቢያው ሙፍቲ ለሼኽ ኢብኑ ባዝ (ረሒመሁላህ) ቀርቦላቸው፣ በማለዳ ሰባት የዐጅዋ ተምር የበላ ሰው በዚያ ቀን መርዝ እንደማይጎዳው የሚናገረውን ሐዲስ ማስረጃ አድርገው ችግር የለውም ብለዋል። ለሐጅ ስንነሣ ሁላችንም የማጅራት ገትር መርፌ እንወጋለን፤ ያለዚያ ቪዛ የለም። ክንዱን ሲሰጥ ሴራ ነው ያለ ሐጂ እስካሁን አላጋጠመኝም። ለራሳችን የተቀበልነውን ለሴት ልጃችን ሲሆን ለምን እናከብደዋለን?

በከተማ ለምንኖረው ምናልባት ሐኪም ቅርብ ነው። ለላስታ ሴት ግን አይደለም። ካንሰሩ ከያዛት ከላሊበላ ጋሸና፣ ከጋሸና በድልብ ወልድያ፣ ከወልድያ አዲስ አበባ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ሊኖርባት ይችላል፤ ያውም መንገዱ ከተከፈተ። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ወረፋ ስትጠብቅ የሞተችው ብዙ ናት። ወንድማችንን «ልጅህ ያን መንገድ ሄዳ ከምትታከም አንድ መርፌ ትወጋ» ያልኩት ለዚህ ነው። ውሳኔውንም ለብቻው እንዳይወስን፣ ከባለቤቱ ጋር እንዲመክርበት ነገርኩት፤ ልጅ የሁለቱም አማና ናትና።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ክትባቱ የሚሰጠው በብዛት በትምህርት ቤት ነው። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ በክልላችን በግጭቱ የተነሣ የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ልጃገረዶች ቤት ውለዋል፣ አንዳንዶቹም ተድረዋል። የክፍል ስም ዝርዝር ውስጥ የሌለችውን ልጅ ማንም አይጠራትም። ኢማሞቻችን ከጁሙዓ በኋላ ቢያስታውሱልን፣ አባትም ራሱ ወደ ጤና ኬላው ሄዶ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን «ልጄ 12 ዓመቷ ነው፤ መቼ ላምጣት?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። ወላሁ አዕለም።