እስስትን ማን አድርባይ አላት?

በክርክራችን መሐል አንዱ ሐሳቡን ሲለውጥ «እስስት!» ብለን እንጮህበታለን። ስድቡ ካፋችን ሲወጣ ቀላል ነው፤ ተሰዳቢው ግን ከዚያ ወዲያ መናገር ይፈራል። ለመሆኑ እንስሳይቱ ምን አጠፋች?

በደቡብ አፍሪካ ድንክ እስስቶች አሉ፤ እንቁላል አይጥሉም፣ ይወልዳሉ። ዴቪ ስቱዋርት ፎክስና አድናን ሙሳሊ የ21 ዘሮቻቸውን ቀለም መርምረው በ2008 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። አብዝተው የሚለዋወጡት አካባቢያቸው የተዥጎረጎረው ሳይሆኑ፣ እርስ በርስ ሲገናኙ ጎልቶ በሚታይ ቀለም የሚነጋገሩት ሆነው ተገኙ። ቀለሙ በይበልጥ ንግግር ነው ማለት ነው፤ ወንዱ ባላንጣውን «ና ሞክረኝ» ይልበታል፣ ሴቷ «አልፈልግህም» ትልበታለች። መደበቋም አይካድም፤ ወፍ ሲመጣባት እንጨቱን ትመስላለች። ግን እሷ የምትመሳሰለው እንዳትበላ ነው፤ አድርባዩ የሚመሳሰለው አብሮ ሊበላ ነው። ሁለቱን ባንድ ስም መጥራት ፍርደ ገምድልነት ነው ባይ ነኝ።

«ታዲያ ለሆዱ የተለወጠና ላመነበት የተለወጠ በምን ይለያል?» የሚል አይጠፋም። መልሱን ፎገራ ላይ እንፈልገው። ርብና ጉማራ ክረምት በመጣ ቁጥር ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ውሃ የሚተኛበት ረግረግ የፎገራ ላም ግጦሽ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ ገባ፤ ዛሬ ሜዳው በብዛት ሩዝ ነው፣ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ወረታ አጠገብ ተቋቁሟል። ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራም ይሆናል። ይህን ገበሬ እስስት ያለው አለ ወይ? የለም። እሱስ ለሆዱ አይደለም እንዴ የተለወጠው? ነው እንጂ! ግን ውሃውን ጎረቤቱም ያየዋል፤ የለወጠበት ምክንያት በአደባባይ ተሰጥቷል። ልዩነቱ ሆድ ላይ ሳይሆን ድብብቆሹ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ግን ነገሩ ይከብደኛል። የገበሬው ለውጥ ግልጽ ቢሆንም ዕዳ አለበት። ግጦሹ ታረሰ፣ ረግረጉ ጠበበ። እርግጥ ሜዳው ድሮም ደን አልነበረም፤ ቢሆንም የእስስት እግር የተሠራው ቀንበጥ ለመጨበጥ ነው፣ ሩዝ ማሳ መሐል ምን ትጨብጣለች? የሚቀራት አጥር፣ የወንዝ ዳር ቁጥቋጦና የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ካጠኗቸው የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች አንዳንዶቹ ከብት እንዳይገባባቸው በድንጋይ ካብ ታጥረዋል፤ ከካቡ ውጭ ያለውን ማን ይጠብቀው? በባሌ ሐረና ደን ስም የምትጠራው እስስትማ ከባሌ ሌላ አገር የላትም። ያቺ ተለዋዋጭ ያልናት ፍጡር ቀለሟን እንጂ ቦታዋን መለወጥ አይሆንላትም።

እንግዲህ ለራሱ የሚለወጥ ሰው መለወጥ ለማይችል ጎረቤቱ ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም? እኔ አለበት እላለሁ፤ ልኩን ግን ከናንተው ጋር መከራከር እፈልጋለሁ። የሚሞግተኝ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝ፤ ብቻ «እስስት» ብሎ እንዳይጀምር።