ጉሬዛ ስለ እኛ ምን ገዶት?

ከጎሬና ከመቱ አንሥቶ እስከ ያዮ የቡና ደን ድረስ ጉሬዛ ለማየት ብዙ መድከም አያሻም፤ በጥቁር ገላው ላይ እንደ ነጠላ የወረደው ነጭ ጠጉሩ ከቅጠሉ መካከል ያጋልጠዋል። ረጋ ብሎ መቀመጡን ያየ ሰው ከመናኝ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ይሁንና ዋና ምግቡ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ በተከፋፈለ ጨጓራው ውስጥ እስኪብላላ የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ ያሳልፋል። ጸጥታው የሆድ ጉዳይ እንጂ ተመስጦ አይደለም። ሥጋትም አያጣውም፣ ጦጣና ጉሬዛ የሚያድን ንስር አለበት። ታዲያ እሱን አይቶ ልቡ የሚረጋ ሰው እርጋታውን ከየት አገኘው?

መልሱን መጽሐፈ ኢዮብ ውስጥ አገኘዋለሁ። ኢዮብ ልጆቹንና ሀብቱን ለምን እንዳጣ ይጠይቃል፤ ፈጣሪ ግን ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሲመልስለት አንበሳን፣ የሜዳ አህያን፣ ሰጎንን፣ ንስርን ያሳየዋል። ይህን ጥያቄን መሸሽ ነው የሚሉ አሉ። እኔን የሚገርመኝ ምርጫው ነው፦ ከጦር ፈረሱ በቀር ለሰው የሚያገለግል የለበትም፤ ዝናቡ እንኳ ሰው በሌለበት ምድረ በዳ ይዘንባል። ወዳጆቹ መከራውን ሁሉ በእሱ ኃጢአት ሲመዝኑበት ለከረሙበት ሰው፣ ዓለም በእሱ ጽድቅም ሆነ በደል ዙሪያ እንደማትዞር ማየት ትልቅ ዕረፍት ነው። ጉሬዛውም ጀርባውን ሲሰጠን አያመሰግነንም፣ አይከሰንም፤ ከተቆጣጣሪነትም ከተከሳሽነትም ወርደን ከፍጥረት እንደ አንዱ እንቆጠራለን።

ሰው አራዊትን እንዲገዛ በዘፍጥረት ተሹሟል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ሹመቱ የተሿሚውን ልክ አያስረሳም ብዬ አልፈዋለሁ። የሚከብደኝ የገበሬው ነው። በቆሎው ሲያፈራ ከዝንጀሮና ከከርከሮ ለመጠበቅ ማማ ላይ የሚያድር የኢሉባቦር ገበሬ ይህን ወግ ቢሰማ ይስቅብኛል። እውነት አለው፤ ጠግቦ የሚያይና እርሻው የሚበላበት እኩል አይደሉም። ሆኖም ሣቁ የሚያፈርሰው አራዊት የዋሃን ናቸው የሚለውን ተረት ነው። ዝንጀሮው ለሰው ድካም ግድ እንደሌለው ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ከእኔ ጋር የሚለያየው ዋጋውን እሱ ብቻ ስለሚከፍል ነው። የያዮ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ሰውን ከነቡናው ማቀፉ ደኑንና ነዋሪውን ላለመነጣጠል ነበር። የከተሜው እርጋታ በገበሬው እንቅልፍ የሚገዛ ከሆነ ግን፣ የተበላውን በቆሎ ማን ይካፈል የሚለው ጥያቄ ከሃይማኖት ጉዳይ ውጭ አይመስለኝም።