ያለ እስትንፋስ የሚኖሩ

በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ፣ ሰው ከአራት ባሕርያተ ሥጋ እንደተበጀ ያስተምሩን ነበር፤ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከእሳት፣ ከነፋስ። ነፋሱ እስትንፋስ ነው፤ እሱ ከወጣ ሰውየው አበቃለት። ነርስ ሆኜ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ስሠራ ግን፣ አየር ሲነካቸው የሚሞቱ ፍጥረታት በሆዳችን ሞልተው መኖራቸው ያብሰለስለኝ ጀመር። እንዲህ ያለ ሕይወት መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1861 ያሳየው ሉዊ ፓስተር ነው።

በአንድ ሰው ገላ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ እንዳለ ይገመታል። አብዛኛው ያለው በትልቁ አንጀት ነው፤ እዚያ አየር የለም ማለት ይቻላል። መንዜ ማልዶ በበላው የገብስ በሶ ውስጥ ጨጓራም ሆነ ትንሹ አንጀት የማይፈጨው አሰር አለ። ተሐዋስያኑ እሱን አብላልተው ቡቲሬት ያወጡበታል፤ የትልቁ አንጀት ግድግዳ በዋናነት የሚቀለበው በዚህ ነው። በጾምም በፍስክም ገበታ ይጋሩናል። ሕፃኑ ሲወለድ ከእናቱ ይወስዳቸዋል። እስትንፋስ ሲቆም ደግሞ ሥጋችንን ከውስጥ አፍርሰው ለመሬት የሚያስረክቡት እነሱው ናቸው። ወደ አፈር የመመለሳችንን ፍርድ የሚፈጽመው ከጨቅላነታችን ጀምሮ አብሮን ሲበላ ኖሯል። ይህን ሳስብ እጽናናለሁ።

የመንጋጋ ቆልፍ ተሐዋሲም የዚሁ ወገን ነው። በፈረሱና በበጉ አንጀት ሳይጎዳ ይኖራል፤ ከፋንድያው ጋር ወደ አፈር ወርዶ፣ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ለዓመታት ይቆያል። እትብት በቆሸሸ ምላጭ ሲቆረጥ አየር የሌለው ማደሪያ ያገኛል።

ቤት የተወለደ አንድ ሕፃን አይረሳኝም። መጀመሪያ ደህና ይጠባ ነበር አሉ። እኛ ጋ ሲደርስ ከንፈሩ ተወጥሯል፣ ጡጫው ተጨብጧል፤ በር ሲከፈት የሚገባው ብርሃን ብቻ ጀርባውን እንደ ደጋን ያጎብጠዋል። እናቲቱ ጡቷ አግቶ ነጠላዋን እያራሰ፣ «ወንድምዓለም፣ ምን በድዬ ነው?» አለችኝ።

ኢዮብን ያሟገተው ጥያቄ ነው። የኔታ፣ በስድስቱ ቀን ከተፈጠሩት 22ቱ ፍጥረታት ክፉ ተደርጎ የተሠራ የለም ይሉ ነበር። በሥራዬ ያየሁትም ይህንኑ ነው፤ ሲቀልቡን የኖሩት የአንጀት ተሐዋስያን፣ አንጀት ሲበሳ ወደ ሆድ ዕቃ ፈስሰው መግል ያቋጥራሉ፣ ይገድላሉ። ፍጥረቱ ያው፣ የተለወጠው ሥፍራው። ፈቃድ የሌለው ነገር ኃጢአት የለበትም፤ የሕፃኑ ሕመም የእናቲቱ በደል ቅጣት ነው የሚለኝንም ሰው አልሰማውም። በደል ካለ ያለው የምናውቀው ሰዎች ዘንድ ነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ በእጃችን እያለ መንገዱ ራቀን ብለን ከእርጉዟ ደጅ ያልደረስነው ዘንድ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷን አረጋግጧል፤ በየወረዳው በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት የሚያዘው ከ1 በታች ወርዷል ማለት ነው። ተሐዋሲው ግን የትም አልሄደም። በጓሳ ግርጌ ባለው የገብስ ማሳም፣ በበረቱም አለ፤ ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እርጉዝ ሴት ባገኘች ቁጥር ስንተኛ ክትባቷ እንደሆነ ትጠይቃት።