የጥር ጥጋብ፣ የሐምሌ ብድር

ልጅ ሳለሁ፣ በአንድ ደግ ዓመት፣ አባቴ 14 ኩንታል በቆሎ አስገባ። ጎተራው ሞልቶ የተረፈው በጆንያ ተደርጎ በየጥጉ ተደረደረ፤ እናቴም ጎታዋን በእበት ለቅልቃ ጤፏን ከተተች። ጥር ሲገባ ታላቅ እኅቴ ተዳረች። ዳስ ተጣለ፣ ጠላው በየጋኑ ተጠመቀ፣ ለልብሱና ለወጡ ደግሞ 5 ኩንታል በቆሎ ተሸጠ። ሐምሌ ላይ ጎተራው ሲጠረግ አባቴ በጭቃ ወደ ከተማ ወርዶ 3 ኩንታል በቆሎ ተበድሮ መጣ። ዕዳው በጥር ከሸጥነው ከ5ቱ ኩንታል ዋጋ በለጠ። ጆንያው ከአህያው ሲወርድ እናቴ አፉን አገላብጣ አየችና ዝም አለች። የተሰፋበት ሲባጎ የራሷ ነበር፤ በጥር በወስፌ የሰፋችው ጆንያ ሳይፈታ ተመልሶ መጥቶላታል።

ከዚያ ወዲህ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውን ተረት በሰማሁ ቁጥር ያ ጆንያ ይታየኛል። ያን ዓመት አልቸገረንም ነበር። ዝናቡ በጊዜው መጥቷል፣ በሬዎቹ ጤነኞች ነበሩ፣ ምርቱም ደግ ነበር። ድርቅ፣ አንበጣ ወይም በረዶ ቢመታን ኖሮ የሰማይ ቁጣ ብለን እናዝን ነበር። እኛን የመታን ግን ከአውድማ እስከ ክረምት ያለውን መንገድ ሳንለካ መጓዛችን ነው። ዛሬ ለገበሬው ወገኔና ገጠር ዘመድ ላለው አንባቢ የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ እህሉ አውድማ ላይ ሳለ፣ ከመሸጡና ከመደገሱ በፊት፣ ስንት ወር እንደሚያደርስ ቁጠሩ።

በደጋውም በወይና ደጋውም የመኸር እህል የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ሁሉም የሚሸጠውም በዚያው ሰሞን ነው። የማዳበሪያው ዕዳ ይጠየቃል፣ የመሬቱ ግብር ይደርሳል፣ ሁዳዴ ሳይገባ መዳር ያለበት ልጅ አለ። አገር ሙሉ ገበሬ በአንድ ወር ጆንያውን ጭኖ ወደ አንድ ገበያ ሲወርድ ዋጋ ይወድቃል። ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ ያው ገበሬ ባዶ ጆንያ ይዞ ወደዚያው ገበያ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ዋጋው ሰማይ ነው። ነጋዴውን «ጨካኝ» ብሎ መርገም ሆድ አይሞላም። እሱ ያደረገው ስድስት ወር መጠበቅ ነው፤ እኛም ጎተራና ዕቅድ ካለን መጠበቅ እንችላለን።

አንዳንድ አባቶች «እህል ሲቆጠር ረድኤቱ ይሸሻል» ይላሉ። አባቴም ይህን ያምን ነበር፤ አውድማ ላይ «ስንት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደስ አይለውም። የአባቶችን አክብሮት እረዳለሁ፤ እህል የፈጣሪ ስጦታ ነው፣ እንደ ሸቀጥ አይጮኽበትም ማለታቸው ነው። ነገር ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያውቀውን የዮሴፍን ታሪክ አስቡ። በጥጋቡ ዘመን ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛውን እጅ ያስቀመጠው ያ ሰው እህሉን ይሰፍር ነበር፤ መስፈሩን የተወው እንደ ባሕር አሸዋ በዝቶ ከቁጥር በላይ ሲሆንበት ነው። የእኛ ገና እዚያ አልደረሰምና ብንቆጥር ረድኤቱ አይቀየመንም።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ደብተር ያለው ልጅ በአንድ ማታ ይጨርሰዋል። የሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ብሎ ተምኖ ነበር። ይህን መነሻ እናድርግ። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 90 ኪሎ ይበላል፤ በዓመት 10 ኩንታል ከ80 ኪሎ መሆኑ ነው። 11 ኩንታል ብላችሁ ያዙት። ለእንግዳ፣ ለዘመን መለወጫ፣ ለታመመ ጎረቤት ደግሞ ጥቂት ጨምሩበት። ዘሩ ከዚህ ሁሉ ውጭ ተለይቶ ይቀመጣል። ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ነው ትርፍ። አባቴ ይህን ቢያሰላ ኖሮ ከ14 ኩንታሉ 5 ሲሸጥ የሸጠው የልጆቹን የሐምሌ እራት መሆኑ ይታየው ነበር።

ቁጥሩ ጉድለት ካሳየም በጥር ማወቅ በሐምሌ ከማወቅ ይሻላል። በጥር ያወቀ ሰው በግ ለማድለብ፣ በመስኖ ሽንኩርት ለመትከል፣ ባሕር ዛፉን ለመሸጥ፣ በጋውን የቀን ሥራ ለመውጣት አምስት ወር አለው። በሐምሌ የሚያውቅ ሰው ያለው ምርጫ አራጣ፣ ያልደረሰ ሰብል መሸጥ፣ ወይም መሬቱን በወለድ አገድ ማስያዝ ነው። በወለድ አገድ የተያዘ መሬት ብድሩ እስኪመለስ አበዳሪው ያርሰዋል፤ ገበሬው ብድሩን የሚመልስበት እህል የሚበቅለውም በዚያው መሬት ነበር። እንዲህ ሆኖ ከመሬቱ የተለያየ ስንቱ ነው!

የትኛውን ቀድመን እንብላ፣ የትኛውን እናቆይ የሚለውም ዕውቀት ይጠይቃል። የጤፍ ፍሬ ከማነሷ የተነሣ ነቀዝ አይራባባትም፤ በደረቅ ጎታ ከዓመት ዓመት ትቆያለች። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ ግን ነቀዝ የሚወዳቸው ናቸው። ብዙዎቻችን የምናደርገው የተገላቢጦሹን ነው፤ ጤፍ ዋጋ ታወጣለች ብለን በጥር እንሸጥና የሚነቅዘውን በቆሎ ለክረምት እናስቀምጣለን። የግድ መሸጥ ካለባችሁ ቶሎ ከሚነቅዘው ጀምሩ፤ ጤፏ የክረምቱን ዋጋ ትጠብቅ። ለምግብ የሚቆየውን በቆሎ ደግሞ ከነቀዝ መጠበቅ ነው።

ነቀዝ ከጎተራ የሚነሣ ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከማሳ ይዘነው እንገባለን። ሴቷ ፍሬውን በመንቁሯ ትበሳና እንቁላሏን አኑራ ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ከላይ ሲያዩት ሙሉ የሆነ በቆሎ ውስጡ እየተበላ ነው፤ በሞቃት አገር በአንድ ወር ገደማ አዲሱ ነቀዝ ፍሬውን ቀዶ ይወጣል። ስለዚህ ሰብሉ ደርሶ ማሳ ላይ ሲቆም መክረሙ ደግ አይደለም። የአምናውንና የዘንድሮውን መቀላቀልም እንዲሁ፤ የአምናው ነቀዝ አዲሱን ይወርሰዋል። ጎተራው ተጠርጎ፣ ስንጥቁ ተመርጎ፣ ፀሐይ መትቶት ነው አዲሱ መግባት ያለበት።

መድረቁን ለማወቅ ጥርስ ብቻ አይበቃም። በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ በቆሎና ጥቂት የደረቀ ጨው አድርጋችሁ ደኅና አድርጋችሁ ነቅንቁት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ሳይደርቅ የገባ እህል ይሻግታል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያበጅ ይችላል። ይህ መርዝ ቢታጠብም ቢበስልም በቀላሉ አይለቅም። «ለከብት ይሁን» ማለትም አያድንም፤ ላሟ የበላችው መርዝ በወተቷ ወደ ልጃችሁ ይመለሳል።

ለደረቀ እህል ዛሬ ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በየገበያው ደርሷል። ሁለቱ ውስጠኞች ወፍራም ላስቲክ ናቸው፤ ሦስተኛው የተለመደው ጆንያ ነው። የእያንዳንዱ አፍ ለየብቻው ተጠምዝዞ ይታሰራል። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ይሞታል፤ መድኃኒት የሚባል ነገር አይገባበትም። አባቶቻችን እህል ጉድጓድ ከትተው አፉን ሲደፍኑ የሚያደርጉት ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ በሐረርጌ ማሽላ እስከ ዛሬ በጉድጓድ ይቀመጣል። ላስቲኩ ግን አይጥና ስለታም ነገር አይወድም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል፤ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ተቀምጦ በወጉ ከተያዘ ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላል።

ስለ ኪኒኑ ግን ቆጣ ብዬ እናገራለሁ። በአንዳንድ ገበያ በፍሬ የሚቸረቸረው የነቀዝ ኪኒን እርጥበት ሲነካው መርዘኛ ጋዝ የሚያወጣ ነገር ነው። የተሠራው ለሠለጠነ ሰውና ለታሸገ መጋዘን እንጂ ልጆች ለሚተኙበት ቤት አይደለም። በእኛ አገር ጎታው የሚቆመው መኝታው አጠገብ ነው። አንድ ጆንያ በቆሎ ለማዳን ተብሎ ነፍስ የሚጠፋበት ቤት መኖር የለበትም። ቤታችሁ ካለ ራሳችሁ አትነካኩት፤ ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

ዘርን በተመለከተ እናቶቻችንን የሚያህል መምህር የለም። እናቴ የማሽላውን ዘር የምትመርጠው ገና ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ ነው፤ ጠንካራውን አገዳ፣ የሞላውን እራስ ለይታ ታስርና ጭስ በሚደርስበት ጣሪያ ሥር ትሰቅለዋለች። በዚያ በሐምሌ ችግር እንኳ ያን አልነካችም። አገር እንደ አገር ይህን ጥበብ የተረዳው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው የዘር ማዕከል ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የየአገሩን ዘር ሰብስቦ ማቆየት ብቻ አልበቃቸውም፤ ገበሬው ራሱ በማሳው እየዘራ እንዲጠብቀው ደከሙ። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የተሸለሙበት ሥራ መነሻው እናቶቻችን ከጣሪያ ሥር የሰቀሉት ያ እራስ ነው። በክፉ ቀን ዘሩን የበላ ገበሬ የሚቀጥለውንም ዓመት አብሮ በልቷል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ፤ ወደ ድግሱ። ሠርግ አይደገስ፣ ተዝካር አይውጣ የሚል ሰው አይደለሁም። ዳስ የገጠር ሰው የሚገናኝበት፣ የተጣላው የሚታረቅበት፣ ድኻው አንድ ቀን ጠግቦ የሚውልበት ነው። ጥፋቱ ድግሱ በሰው ዓይን ሲለካ ነው። «እገሌ ሁለት በሬ ጥሎ እኔ በአንድ ልዋረድ?» ሲባል፣ ለዓመት የሚበቃ ገብስና ጌሾ በሦስት ቀን ይፈሳል። ተዝካሩ ለነፍስ ይማርና ለድኻ እራት ነበር፤ ዛሬ በአንዳንድ ቀዬ ድኻው ደጅ ቆሞ ባለጠጋው ሙክቱን ይበላል። ባለቤቱ ደግሞ በክረምት እሱ ራሱ ድኻ ይሆናል። የሰበካ ካህናት፣ የመስጊድ ሽማግሌዎች፣ የእድር ዳኞች ሆይ፣ ይህን ማንም ገበሬ ብቻውን ሊያቆመው አይችልም፤ «ሰሰተ» ይባላልና። እናንተ ግን በጋራ ልክ ብታበጁለት ማንም አያፍርም። ልኩ የጋራ ከሆነ መቀነስ ስስት መባሉ ይቀራል።

ከድግሱ በፊት ደግሞ የቤት ምክር ይቅደም። የጎታውን ከፍታ በየማለዳው የምታውቀው ሴቷ ናት፤ ገበያ ላይ ዋጋ የሚቆርጠው ግን ባልየው ነው። እሷ ሳትሰማ የሚሸጥ ኩንታል፣ ከገበያ መልስ አረቄ ቤት የሚገባ ብር፣ እሱ ሳያውቅ በሰሃን የሚወጣ እህል፣ ሁሉም ከአንድ ጎታ ነው የሚጎድለው። ማታ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ፣ ልጁም ደብተሩን ይዞ፣ አብራችሁ ተማከሩ። የተማከሩበት እህል ይበረክታል።

ከተማ ያላችሁ፣ አረብ አገር የምትደክሙ የገጠር ልጆችም አላችሁበት። ብዙዎቻችሁ ገንዘብ የምትልኩት ለሠርግና ለተዝካር ነው፤ ስማችሁ በዳስ እንዲነሣ። እስቲ አንድ ዓመት ገንዘቡን በታኅሣሥ ላኩት፤ አባታችሁ ግብሩንና የማዳበሪያውን ዕዳ ይክፈልበት፣ እናታችሁ ከረጢት ትግዛበት። እህሉ በርካሽ ሳይሸጥ ክረምቱን ቤት ውስጥ ይውላል። በዳሱ ስማችሁ ባይነሣም በሐምሌ እራት ላይ ትመረቃላችሁ።

እናቴ ያን ጆንያ አልጣለችውም። ቀዳዳውን ጥፋ ለብዙ ዓመት ተገለገለችበት፤ አባቴም ከዚያ ወዲያ ሳይሰፍር ሸጦ አያውቅም። መጪው ኅዳር ሲመጣ፣ በሬዎቹ ከአውድማ ሲወጡና ገለባው ሲለይ፣ ምስጋናችሁን አድርሱና ቁናውን አምጡ። ከታኅሣሥ ጀምራችሁ እስከሚቀጥለው ኅዳር ድረስ ወሩን በጣታችሁ ቁጠሩ። ስትቆጥሩም ጳጉሜን አትርሷት፤ ቀኗ ትንሽ ብትሆንም ጎታ ባዶ ሆኖ የምታገኘው እሷ ናት።