የጁሙዓ ማስታወሻ፦ የወንድማችን መድኃኒት የማን አማና ነው?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ራሴ ስህተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ባሕር ዳር ከእኔ ዘንድ ቁርኣን የሚቀራ አንድ ወጣት ነበር። ቤተሰቦቹ ጣና ዳር ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ ይኖራሉ። ድምፁ ያማረ፣ ሒፍዙ ፈጣን ልጅ ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ቀጥሎ ከሰው ሸሸ። ከዚያ ከደርስ ቀረ። እናቱ ደውለው «ኡስታዝ፣ ልጄን ዓይን በልቶብኛል፤ እባክዎ መጥተው ይቅሩለት» አሉኝ።

ሄድኩ። ለአራት ወር ያህል በየሳምንቱ ሩቅያ አደረግኩለት። በሩቅያ ያኔም አምን ነበር፣ ዛሬም አምናለሁ። ስህተቴ ሌላ ነው። አንድ ቀን «ኡስታዝ፣ ሲቀሩልኝ ልቤ ይረጋል፤ ሲሄዱ ግን ድምጾቹ ይመለሳሉ» አለኝ። የምን ድምጾች ብዬ አልጠየቅኩትም። «ሶላትህን አጥብቅ፣ አዝካርህን አትተው፣ ሸይጧንን አትስማው» ብዬው ወጣሁ። መድረሳም ዩኒቨርሲቲም ተምሬ፣ ለታናሽ እህቱ የገባት ነገር ለእኔ አልገባኝም ነበር።

እጁን ይዛ ሆስፒታል የወሰደችው እሷ ናት። እኔም ተከትዬ ሄድኩ። የአእምሮ ሕክምና ነርሷ እኔ በአራት ወር ያልጠየቅኩትን በአሥር ደቂቃ ጠየቀችው። ድምጾቹ ምን እንደሚሉት፣ መቼ እንደሚመጡ፣ ራሱን እንዲጎዳ ያዙት እንደሆነ። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ «ኡስታዝ፣ ቁርኣኑን አያቋርጡበት። መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ግን ያግዙኝ» አለችኝ። በሁለት ወር ውስጥ እንቅልፉ ተመለሰ። ቀስ በቀስም ወደ ደርሱ ተመለሰ። አልሐምዱሊላህ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ከወራት በኋላ መድኃኒቱን ሊወስዱ ሲመጡ «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ተባሉ። ከውጭ ገዙ። በሚቀጥለውም ወር እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ወር የመኪናውም የመድኃኒቱም ብር አልተገኘም። እናቱ አፍረው ለማንም አልነገሩም። ልጁ እንደገና ታመመ፤ ይህኛው ከበፊቱ የከፋ ነበር።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የመጀመሪያው ሕመሙ የአላህ ቀደር ነው። ሁለተኛውም ከቀደር አይወጣም፤ ነገር ግን እዚያ ውስጥ የእኛ እጅ አለበት። ያኔ የጎደለው የልጁ ኢማን አልነበረም። የጎደለው የመኪና ብርና መደርደሪያ ላይ መገኘት የነበረበት አንድ መድኃኒት ነው።

ብዙዎቻችን የአእምሮ ሕመምን የኢማን ድክመት አድርገን እናየዋለን። እስቲ ቁርኣንን እናስተውል። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ አዝነዋል። ሶብራቸውን ግን አላህ አወደሰው። መርየም (ዐ.ሰ) በምጧ ሰዓት ከዚህ በፊት ሞቼ በነበር ብላ ተመኝታለች። በዚያ ቃሏ አልተወቀሰችም። ከእግሯ ሥር ውሃ፣ ከዘንባባው ተምር ተሰጣት። ጭንቅ ላይ ላለች ነፍስ መጀመሪያ የመጣላት የሚያስፈልጋት ነገር ነበር።

ሸሪዓችንም አእምሮው የታመመ ሰው እስኪሻለው ድረስ ቀለም እንደተነሳለት ያስተምረናል። አላህ ያልጠየቀውን ሰው እኛ በምን ሥልጣን እንወቅሰዋለን? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል። አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንዳወረደ ነግረውናል። ግመሉን ሳያስር ስለ ተወኩል የጠየቃቸውን ሰውዬም በቅድሚያ እንዲያስራት ነው ያዘዙት። መድኃኒት መዋጥ ግመልን ማሰር ነው።

አእምሮን መጠበቅ ሸሪዓ ሊያስከብራቸው ከመጣባቸው አምስት ጉዳዮች አንዱ መሆኑን ሁላችሁም ተምራችኋል። ይህን ስናነሳ ስለ ኸምር ብቻ እናወራለን። ሌሊቱን በጫት የሚያነጋና እንቅልፉን የሚያጣ ወጣትስ? የታመመው አእምሮ መታከሚያ እንዲያገኝ ማድረግስ ከመጠበቅ አይቆጠርም ወይ?

ቀደምቶቻችን ይህን በቃል ብቻ አልተዉትም። አቡ ዘይድ አል-በልኺ፣ እ.ኤ.አ በ934 ያረፉት ሊቅ፣ ነፍስም እንደ አካል እንደምትታመም ጽፈዋል። ሰው መድኃኒት ቤቱ አስቀምጦ እንደሚቆየው ሁሉ ለጭንቅ ቀን የሚሆን በጎ ሐሳብም በጤናው ጊዜ እንዲያከማች መክረዋል። ደማስቆ ውስጥ እ.ኤ.አ በ1154 ኑሩዲን ያሠራው፣ ካይሮ ውስጥ ደግሞ በ1284 ሱልጣን ቀላውን ያሠራው ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማንንም ያክሙ ነበር። የቀላውን ሆስፒታል ለወንድም ለሴትም፣ ለሀብታምም ለድሃም ክፍት ነበር። ሁሉ ነገር ፍጹም ነበር አልልም። ተጓዡ ኢብኑ ጁበይር ደማስቆ ላይ በሰንሰለት የታሰሩ ሕሙማንን አይቶ ጽፏል። ወጪውን ማን ቻለው? ወቅፍ። ዋናው ንብረት ሳይነካ ገቢው ለኸይር ሥራ ይውላል። ሕመምተኛው መድኃኒቱን በየወሩ መለመን አልነበረበትም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ለአሥርተ ዓመታት የመላው ኢትዮጵያ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከባሕር ዳር እስከዚያ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ዳር ያለች አንዲት እናት ያንን መንገድ በየወሩ እንዴት ትመላለሰዋለች? እ.ኤ.አ በ1998 በጀመረው የቡታጅራ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ታይተው ነበር። ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው መካከል ከ10 ሰው 9 ገደማው ከዚያ በፊት ሕክምና አግኝቶ አያውቅም።

ዛሬ ሁኔታው የተሻለ ነው። እዚህ ከተማችን ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም የአእምሮ ሕክምና አላቸው። እ.ኤ.አ በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም አገልግሎቱ እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አቅጣጫ አስቀምጧል። ይህ ይቻላል ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ የገጠር ወረዳዎች ተሞክሮ ውጤቱ በ2022 ታትሟል። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሲታከሙ፣ ውጤታቸው ሆስፒታል ድረስ ሄደው በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚታከሙት አላነሰም። ሕክምናው ቀበሌ አጠገብ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ መደርደሪያው ለምን ባዶ ይሆናል? አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እንዳስታወቀው አገሮች በአማካይ ከጤና በጀታቸው ለአእምሮ ጤና የሚሰጡት 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። የእኛም ወረዳዎች ከክልል በሚመጣ ድጎማና ራሳቸው በሚሰበስቡት ገቢ ይተዳደራሉ፤ አብዛኛው በጀት ለደመወዝ ይሄዳል።

ሌላኛው ምክንያት ግን ከእኛው ቤት የሚጀምር ነው። ጤና ጣቢያ የሚቀጥለውን ጊዜ መድኃኒት የሚጠይቀው ባለፈው ጊዜ ስንት እንደወጣ ቆጥሮ ነው። እኛ ጓዳ ውስጥ የደበቅነው፣ ያሰርነው፣ ስሙን ለጎረቤት ያልነገርነው ሕመምተኛ በዚያ ቆጠራ ውስጥ የለም። ያልተቆጠረ ሰው መድኃኒት አይገዛለትም። ቤታችን ውስጥ ያለው እፍረት ሄዶ ሄዶ መደርደሪያውን ባዶ ያደርገዋል። በሚቀጥለው ወር የእኔም የእናንተም ወንድም እዚያው መስኮት ላይ «ከውጭ ግዙ» ይባላል።

ምን እናድርግ? ትልቅ ድርጅት እስኪቋቋም አንጠብቅ።

አንደኛ፣ ጠይቁ። ከደርስ የቀረውን፣ ስልክ የማያነሳውን ጓደኛችሁን «እንዴት ነህ» ብላችሁ አትለፉት፤ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» በሉት። መሞት እፈልጋለሁ ካላችሁ «ሐራም ነው» ብላችሁ ጥላችሁት አትሂዱ። ሐራምነቱን እሱም ያውቀዋል። አጠገቡ ቆዩ፣ ለቤተሰቡ ንገሩ፣ አብራችሁት ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ይህን የምታነበው አንተ ራስህ ከሆንክ፣ አንቺም ከሆንሽ፣ ዛሬ ለአንድ ሰው ተናገሩ። ታመናችሁ ማለት ከአላህ ራቃችሁ ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህንን አትናቁ። እ.ኤ.አ በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከእነሱ መካከል ሁለቱ የእኛው ጎረቤቶች ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። አባል የሆነ ቤተሰብ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም በጤና ጣቢያው ከኪሱ አይከፍልም። መድህኑ ለጤና ጣቢያው የሚከፍለው ብርም ተመልሶ መድኃኒት ይገዛበታል። መክፈል የማይችሉትን መንግሥት እንዲሸፍን ተደንግጓል፤ ሆኖም ከዝርዝሩ የሚቀር ድሃ ሁልጊዜ አለ። በየመስጂዳችን፣ በጣና ዳር የደንገል ታንኳ እየሠሩ በሚኖሩት ወገኖቻችን መንደር፣ መዋጮው ያልታደሰለትን ቤት ፈልጉና አሳድሱለት።

ሦስተኛ፣ አሥር ሆናችሁ ተሰባሰቡ። በየወሩ ከእያንዳንዳችሁ የቡና ዋጋ ቢወጣ ለአንድ ሕመምተኛ የመኪናና የመድኃኒት ይሆናል። ሒሳቡን የሚጽፍ አንድ ሰው፣ የሚቆጣጠር ሌላ ሰው ይኑር። የሕመምተኛው ስም ከእናንተ አይውጣ፤ ምስጢሩም አማና ነው። ድሃ ሕመምተኛ ከዘካ ባለመብቶች መካከል ነው፤ አሰጣጡን መሻኢኾቻችሁን ጠይቁ። ሱቅ ወይም ቤት ያላችሁ ደግሞ ከኪራዩ ጥቂቱን ለዚህ ወቅፍ ማድረግ ትችላላችሁ።

አራተኛ፣ በጀቱ ከሐምሌ በፊት ነው የሚመከርበት። የሕዝብ ውይይት ሲጠራ ተገኙና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በጤና ጣቢያችን ለአእምሮ ሕመም የሠለጠነ ባለሙያ አለ ወይ? መድኃኒቱ ባለፈው ዓመት ስንት ወር ጠፋ? ይህ ለክርስቲያን ጎረቤታችንም የሚጠቅም ጥያቄ ነው፤ ሕመሙ የሁላችንንም ቤት ያንኳኳል። በእድር አብረን ከቀበርን፣ በጤና ጣቢያ ጉዳይም አብረን መቆም እንችላለን።

ያ ወንድማችን ዛሬ ይሠራል፤ መድኃኒቱንም ይወስዳል። ጓደኞቹ ተራ ገብተው በየወሩ አንዳቸው አብሮት ይሄዳል። ባለፈው ረመዷን ተራዊሕ ላይ ከኋላው ሰግጄ ነበር። ድምፁ እንደ ድሮው ነው። እኔ ግን ሶላቱን ስጨርስ ያንን ያልጠየቅኩትን ጥያቄ አስታወስኩ።

ያ አላህ! በአእምሮም በአካልም ለታመሙት ሁሉ ሺፋህን አውርድ። የሚያስታምሙ እናቶችን አበርታ። የደበቅናቸውን ወንድምና እህቶቻችንን ለማየት ዓይን፣ ለማገዝ እጅ ስጠን። አሚን።

ይህን ለአንድ ሰው አድርሱለት፤ ከተቻላችሁም አብራችሁት ሂዱ።